ጥሪኞቹ የጾሙበት ሁዳዴ

ከአምቦ ከተመለስሁ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኔ ነው። እዚህ ጃቫ ደሴት ዝናቡ ሳያባራ ይወርዳል፤ ነጠላዬ ላይ የቀረው የጢስ ሽታ ግን ገና አልለቀቀም። ሳይለቅ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥሁ። አምቦን በጠርሙሱ ብቻ ለሚያውቁ፣ ጉደርንም አይተው ለማያውቁ ይሁን።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የተወለድሁት ጉደር ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ግን የምኖረው በዚህ ደሴት፣ ከሰው ቀፎ የተወሰዱ ጥሪኞች በሚያገግሙበት መጠለያ እየሠራሁ ነው። የደሴቱ ጥሪኝ ከእኛው ያንሳል፤ ድመት ያህላል፤ ዛፍ ይወጣል፤ ከተማ ውስጥ እንኳ በሰው ጣሪያ ላይ ያድራል። ሉዋክ ይሉታል። በቀፎ አስገብተው የበሰለ ቡና ያበሉትና ፍሬውን ከኩሱ ለቅመው፣ አጥበው፣ ቆልተው ለጎብኚ ያቀርባሉ። የእኛ ጥሪኝ ደግሞ ትልቅ ነው፤ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ የሚፈለገውም ለዝባዱ ነው። ዝባድ ከጅራቱ ሥር በቀንድ ማንኪያ ተጠርጎ የሚወጣ፣ ሽቶ የሚሠራበት ቅባት ነው። አንዱን ለቡና፣ አንዱን ለሽቶ፤ ሁለቱንም የሰው ልጅ አሰራቸው።

ለዕረፍት ወደ አገሬ ልሄድ ስሰናዳ የእናቴ ወንድም ኦቦ ጉተማ ደወሉ። እኔ በኦሮምኛ ወግ ኤሱማ እላቸዋለሁ፤ የእናት ወንድም ማለት ነው።

«እልፌ፣ የጥሪኝ ሐኪም ሆነሻል አሉ፤ እውነት ነው?»

«አዎ ኤሱማ።»

«እንግዲያ ቶሎ ድረሺልኝ። የሐጂን አደራ ልገድል ነው መሰለኝ።»

ሐጂ ጀማል የኤሱማ የልጅነት ጓደኛ ነበሩ። በጥሪኝ እርባታ የኖሩ ሰው ናቸው። እርጅና ሲጫናቸው ወደ ጉደር ከተማ ገቡ፤ ጥሪኞቹ ግን በኤሱማ ጓሮ ጎጆ ተሠርቶላቸው ቀሩ። ባለፈው መስከረም ሐጂ ሲያርፉ ኤሱማን አስጠርተው፣ «አትሽጣቸው፣ አታስርባቸው» አሏቸው። ሌላ ኑዛዜ አልነበራቸውም።

ሰኞ

ከአዲስ አበባ በአባዱላ ተነሣሁ። በቦርሳዬ ጓንት፣ መርፌ፣ የቫይታሚን ጠርሙስ፣ ለዘመድ ደግሞ ሁለት እሽግ ከረሜላ ይዣለሁ። ስሕተቴ ከረሜላው ነበር። ዱሪያን ከሚባል ፍሬ የተሠራ ነው። ፍሬውን የደሴቱ ሰው እንደ ማር ይወደዋል፤ ጥሪኞችም ይጣሉበታል፤ ሽታው ግን የበሰበሰ ሽንኩርት ነው። እኔ ለምጄዋለሁ። ሆለታ ሳንደርስ ሙቀቱ እሽጉን ከፈተው።

«ማነው ጫማውን ያወለቀ?» አሉ ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት።

«ኧረ ጫማ አይደለም፤ ጋዝ ነው! ሾፌር፣ አቁም!»

ሾፌሩ አቆመ። ሁላችንም ወረድን። ሾፌሩ ከመኪናው ሥር ገባ፤ አንዱ ተሳፋሪ ኮፈኑን ከፈተ፤ ሌላው ስልክ የያዘውን ሁሉ ከመኪናው አራቀ። እኔ እመቤቴን እየጠራሁ ከቆየሁ በኋላ መናገር ግድ ሆነብኝ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የኔ ከረሜላ ነው።»

ሾፌሩ ከመኪናው ሥር አንገቱን አወጣ። «ከረሜላ? እህቴ፣ ይሄንን በሕይወት ያለ ሰው ነው የሚበላው?»

ቦርሳዬ ከላይ፣ ከሁለት ፍየሎች አጠገብ ታሰረ። ፍየሎቹም ቅሬታ አሰሙ። እኚያ እናት ግን ስንሳፈር ጉልበቴን መታ መታ አድርገው፣ «አይዞሽ ልጄ፤ ሰው አገር ስትኖሪ አፍንጫሽ ተበላሽቶ ነው» አሉኝ።

አዲስ ዓለም ላይ ወረድሁ። ለማርያም ስለት ነበረብኝ። በሁዳዴ ቅዳሴው ከሰዓት በመሆኑ ደረስሁበት። ስድስት ዓመት በስልክ ስሰማ የኖርሁትን ቅዳሴ ቆሜ ሰማሁ። በደሴቱ የእኛ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ እሑድ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ምሥራቅ ዞሬ እቆማለሁ፤ ከጎረቤቴ ጣሪያ ላይ ዶሮ ይጮሃል፤ ጸሎቴ እንደዚያ ነው። እዚህ ስቆም ግን እግሬ እንኳ የት እንደሚቆም ያውቀዋል።

ያደርሁት ከእናቴ የጽዋ ማኅበር ጓደኛ ከወይዘሮ አስካለ ቤት ነው። ሱፍ ፍትፍት አቀረቡልኝና፣ «በዚያ አገር በጾም ምን ትበያለሽ?» አሉ። አኩሪ አተር ቀቅለው በቅጠል ጠቅልለው፣ ሻጋታ አስይዘው የሚሠሩት ቴምፔ የሚባል ምግብ እንዳለ ነገርኋቸው።

«ሻጋታ?»

«ጥሩ ሻጋታ ነው።»

«እሺ። ቡናውስ? ጥሪኝ ቡና ያወጣል ይላሉ፤ ከየት በኩል ነው የሚያወጣው?»

«ከ... ከኋላው።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ጠጥተሻል?»

«አልጠጣሁም።»

«እናትሽ ነፍሷን ይማር፤ ደህና አሳድጋሻለች» አሉና አልጋቸውን ለቀቁልኝ። እሳቸው መደቡ ላይ ተኙ። ብለምን፣ ብምል እንቢ አሉ።

ማክሰኞ

ወደ አምቦ የሚሄድ መኪና ጠፍቶ ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ዳር ቆምሁ። በመጨረሻ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ከፊቱ አሳፈረኝ። ሾፌሩ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ እያወራ ስለ ትዳሩ ሁሉንም ነገረኝ፤ ስለ እኔ ምንም አልጠየቀም። በደሴቱ ተቃራኒው ነው፤ የታክሲ ሾፌር ደመወዝሽ ስንት ነው፣ ለምን አላገባሽም ሳይል አያወርድሽም። ያን ዕለት ግን ማዳመጥ ዕረፍት ሆነልኝ።

አምቦ ያረፍሁበት ፔንሲዮን ውኃ አልነበረውም። ውኃ በስሟ ከሚታወቅ ከተማ! የፔንሲዮኑ ባለቤት አፍረው፣ ምንም ሳልጠይቃቸው በጀሪካን ሙቅ ውኃ ተሸክመው ደረጃውን ወጡ። «የኔ ልጅም ሰው አገር ናት» አሉ ጀሪካኑን ሲያስቀምጡ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ወደ እንስሳት መድኃኒት ቤት በባጃጅ ሄድሁ። ጃካርታ ላይም ባጃጅ ነው የሚሉት፤ ስሙም መንጫጫቱም አልተለወጠም። መድኃኒት ሻጩ የአንጀት ትል መድኃኒት ስጠይቀው፣ «ላም ናት በግ?» አለኝ።

«ጥሪኝ።»

ሳቀ። «ጥሪኝማ ሐኪም አይቶት አያውቅም። ባለቤቶቹ መች ያሳያሉ? ለባዕድ ዓይን አይሆንም፤ ለሴት ደግሞ ጭራሽ። ሴት ከገባች ዝባዱ ይደርቃል ይላሉ።»

«አንተ ታምናለህ?»

«እኔ ሻጭ ነኝ እህቴ» አለና መድኃኒቱን ጠቀለለልኝ።

ረቡዕ

ኤሱማ ጉደር መግቢያ ላይ በትራቸውን ተመርኩዘው ጠበቁኝ። «አከም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ከስተዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ወጥ የምትሠራላቸው ጎረቤት ናት። ከከተማው ወጣ ብለን ሩብ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን፤ መንገዱን ሁሉ ስለ ዝናብ እጥረት አወሩኝ። ስለ ጥሪኞቹ አላነሡም።

ጎጆዋ ከጓሮ ናት። ጥሪኝ ብርድ ስለማይወድ ቀንና ሌሊት እሳት ይነድባታል፤ ጢሱ በክዳኑ በኩል ይወጣል። ወደ በሩ ስጠጋ ኤሱማ በትራቸውን አገድም ያዙ።

«አንቺ እዚህ ሁኚ። እኔ ገብቼ የሆነውን እነግርሻለሁ።»

«ሳላይ እንዴት ላክም ኤሱማ?»

«ሴት አይገባም። ሐጂ ራሱ ነው ያለው። የሞተ ሰው ቃል አላፈርስም።»

ከእንጨት ጉማጅ ላይ ተቀመጥሁ። በደሴቱ መጠለያ ከስምንት ሠራተኞች ስድስታችን ሴቶች ነን፤ እሱን ብነግራቸው ምን ይጠቅማል? ማስታወሻዬን አወጣሁና ጥያቄ ጀመርሁ። እሳቸው እየገቡ እየወጡ መለሱ። ስንት ናቸው? ሁለት። ይነሣሉ? አንዱ ይነሣል፤ ትልቁ ዳልቻው አይነሣም። ድዳቸው ምን ይመስላል? እሱን ለማየት ብዙ ቆዩ። «ነጭ ነው» አሉ ሲወጡ። ዝባዱስ? «ደርቋል። እንኳን ዝባድ፣ ላበት የለውም።»

«ምን ያበሏቸዋል?»

«ምን አጎደልሁ! እኔ የምበላውን ነው።»

«እርስዎስ ምን ይበላሉ?»

«ሁዳዴ አይደል እንዴ? ሽሮ፣ ቂጣ፣ አንዳንዴ ንፍሮ።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ። «ሽሮው ሽንኩርት አለበት?»

«ያለ ሽንኩርት ምን ሽሮ አለ? በርበሬውን እንኳ ለነሱ ብዬ አስቀንሻለሁ።»

ሽንኩርት ለእንዲህ ያለ እንስሳ ደም የሚጨርስ መርዝ ነው። እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ሐጂ ምን ያበሉ እንደነበር ጠየቅሁ። የገብስ ገንፎ በወተትና በቅቤ፣ እንቁላል፣ የዶሮ ሥጋ ከነአጥንቱ።

«እስከ ቅበላ ድረስ እኔም እንዲሁ አበላሁ» አሉ። «ከቅበላ በኋላ ግን ቤቴ ሥጋ ገብቶ አያውቅም። ገና ልጅ ሆኜ ጀምሬ። ሐጂ በነበረ ጊዜ እሱ ነበር ከከተማ እየመጣ የሚያበላቸው፤ እኔ ዝባዱን ሲጠርግ ብቻ ነው የምይዝለት። ዘንድሮ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። በሁዳዴ ዶሮ ልረድ? ቅቤ ልዳስስ? ደግሞስ የነነዌ ከብቶች አልጾሙም? እንስሳ ሳይቀር ጾሞ አይደል አገሩ የዳነው?»

«የነነዌ ከብቶች የጾሙት ሦስት ቀን ነው ኤሱማ።»

«እ?»

«ሦስት ቀን። ሃምሳ አምስት አይደለም።»

ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ፤ ከቅበላ ወዲህ ያለፈውን ሳምንት እየቆጠሩ መሰለኝ። አራተኛው ላይ ቆሙ። ከዚያ በትራቸውን ይዘው ወደ አጥሩ ሄዱና ከቁልቋሉ ሥር አዲስ የተቆፈረ አፈር አሳዩኝ።

«ሦስት ነበሩ፣ እልፌ። ሐጂ የሰጠኝ ሦስት ነው።»

እኔም እውነቱን ልናገር። ያን ጊዜ «ቆይ፣ አሁን ዶሮ ገዝቼ ልምጣ» ማለት ነበረብኝ፤ አላልሁም። በደሴቱ በጾም ወራት ሥጋውን የሚቆርጡልኝ ባልደረቦቼ ናቸው፤ እኔ ፓፓያና ሙዙን እይዛለሁ። እንዲህ እንደሆነ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የአጎቴ ፍርሃት የእኔም ፍርሃት ነው።

«የንስሐ አባትዎን እንጠይቅ» አልሁ።

ሐሙስ

የንስሐ አባታቸው ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚኖሩ፣ ትንሽ ሰውነት ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ኤሱማ ነገሩን ከሐጂ ሞት ጀምረው አወጉ። አባ መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ሰሙ።

«ጥሪኙ ክርስትና ተነሥቷል?» አሉ በመጨረሻ።

«ኧረ አባ!»

«እንግዲያ በምን ይጾማል?»

ኤሱማ የነነዌን ጀመሩ። አባ በእጃቸው አቋረጧቸው። «ጉተማ፣ ሥጋ አትብላ አልሁህ። አደራ ብላ አላልሁህም።»

«እጄስ አባ? ደም ይነካዋል።»

«እጅህን ታጠባ!»

ከዚያ ወጥተን ሄድን። ቤት ስንደርስ ኤሱማ ቢላዋ አወጡ፤ ሳሉት፤ መልሰው ሰቀሉት። «አባ ፈቅደዋል» አሉ፤ «እጄ ግን አልፈቀደም። ስልሳ ዓመት የለመደ እጅ ነው።» ሊያለቅሱ ነበር። እኔም ከሳቸው አልተሻልሁም፤ ዶሮ አርጄ አላውቅም፤ ባርድም ከጎጆው መግባት አልችል።

ባጃጅ ይዤ ጉደር ገባሁና የሐጂን ባለቤት፣ አዴ ዘሃራን ፈለግሁ። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሰሞን ገጥመዋል፤ ከንፈራቸው ደርቆ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው ገና ሳልጨርስ ተነሡ። ከጓሯቸው አንዲት ዶሮ ያዙ፤ አንድ ጎረቤት ጠርተው አሳረዱ፤ እንቁላል በዘንቢል አደረጉ።

«እኔም ጾመኛ ነኝ» አሉ ባጃጁ ውስጥ። «የሐጂ ጥሪኞች ግን በረመዳን ጾመው አያውቁም።»

ኤሱማ ከጎጆው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ዘንቢሉን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ አዴ ዘሃራ ወደ በሩ ሲሄዱ ግን በትሩ እንደገና አገድም ሆነ።

«ዘሃራ፣ አንቺም ሴት ነሽ።»

«ዛሬ ነው ያወቅኸው?»

«ሴት አይገባም። ባልሽ ነው ያለኝ።»

«እስቲ ልጠይቅህ ጉተማ። ሐጂ ገበያ ሲውል፣ ሐጂ መካ ሲሄድ፣ ሐጂ ወገቡን ታሞ ሲተኛ፣ ማን ያበላቸው ነበር መሰለህ? መልአክ?»

ኤሱማ በትሩን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«እኔ ነኝ! ገንፎውን የማገነፋ እኔ፣ አጥንቱን የምሰባብር እኔ። ከከተማ ከገባን ወዲህ እንኳ እሱ ይዞልህ የሚመጣው የኔን ነበር። ዝባዱ ደርቆ ያውቃል?»

«ሐጂ... ያውቅ ነበር?»

«ማወቅማ ያውቃል። ለእናንተ ነው የማይነገረው።» በትሩን በአንድ ጣት ገፋ አደረጉትና ገቡ። ዞር ብለው እኔን፣ «ነይ ግቢ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ።

ዓርብ

እንግዲህ ያየሁትን ልጻፍ። ጎጆዋ ጨለማ ናት፤ ሙቀቱ ፊት ይመታል፤ የዝባዱ ሽታ ግድግዳው ውስጥ ገብቷል። በመጠለያችን ቢንቱሮንግ የሚባል ጥቁር ጠጉራም የጥሪኝ ዘመድ አለ፤ ሰውነቱ ልክ እንደ ትኩስ ፈንዲሻ ይሸታል፤ ስሙን የማያውቅ ሰው ሁሉ ምግብ የተሠራ መስሎት ይመጣል። የእኛው ጥሪኝ ሽታ ግን የሚያስቅ አይደለም፤ ከባድ ነው፤ ግንባር ላይ ይቀመጣል። ቀፎዎቹ ከጭራሮ የተሠሩ፣ ረዥምና ጠባብ ናቸው፤ እንስሳው ዞር እንዳይል ተብሎ ነው። በደሴቱም ያየሁት ይህንኑ ነው፤ የሽቦ ሆኖ።

የተራበ እንስሳ በአንዴ እንዲጠግብ አይደረግም፤ ያጠፋዋል። የዶሮ መረቅ ብቻ አስጀመርን፤ በጥቂት ሰዓት ልዩነት አንድ ሲኒ፣ ቀጥሎ እንቁላል። ታናሹ መረቁን ሳህኑን እስኪገፋ ላሰ። ዳልቻው ግን አፉን ገጥሞ ተኛ። ዓይኑን እንኳ አላዞረም። መርፌ ወጋሁት፤ አልተቆጣም። እኔን ያስፈራኝ ይህ ነው፤ ጥሪኝ ሲወጋ የማይቆጣ ከሆነ ተስፋው ትንሽ ነው።

ኤሱማ ከበሩ ውጭ ተቀምጠው፣ «እ? እ?» ይላሉ።

«ታናሹ ጠጣ።»

«ዳልቻውስ?»

«ገና ነው።»

አዴ ዘሃራ ቀፎውን ሲያጸዱ፣ «እናንተ በዚያ አገር ትለቋቸዋላችሁ አሉ» አሉኝ። አንዳንዱን እንደምንለቅ ነገርኋቸው፤ ገና ጎልማሳ የሆነውን፣ ጥርሱ ያላለቀውን። ብዙ ዘመን የታሰረ ግን ጫካ ቢገባ አደን ረስቷል፤ ውሻ ይይዘዋል። እሱን በሰፊ ግቢ፣ ከዛፍ ጋር እስኪሞት እናኖረዋለን።

«እነዚህም ሽማግሌ ናቸው» አሉ ዳልቻውን እያዩ። «ቀፎው ግን ሊሰፋ ይችላል። ሐጂ በስንፍናው ነው ያላሰፋው፤ አላህ ይማረውና።» ከውጭ ኤሱማ ሰምተው ኖሮ ከሰዓት በኋላ መጥረቢያ ይዘው እንጨት ሲቆርጡ ዋሉ።

ቅዳሜ

ስለ ቅዳሜ የምጽፈው ጥቂት ነው፤ መጠበቅ ነበር። ዳልቻው መረቅ እምቢ፣ እንቁላል እምቢ። በጨርቅ ነክሬ ከንፈሩን አረጠብሁለት። ጎረቤቶች ወሬውን ሰምተው መጡ፤ በሁዳዴ ሥጋ አስገቡ ይሉናል ብለን የፈራነው ሐሜት ግን አልመጣም። አንዷ ጎረቤት የላሟን ወተት በቅል ይዛ መጣች፤ «እኛ አንጠጣው፣ ጥጆቹም ጠግበዋል፤ ለሐጂ ጥሪኝ ይሁን» ብላ በሩ ላይ አስቀመጠችው። ኤሱማ ቅሏን ብዙ ሰዓት አዩዋት።

ፀሐይ ስትገባ አዴ ዘሃራ ተምር አውጥተው አፈጠሩ። ኤሱማም ቅዳሜ ቢሆንም በዳልቻው ጭንቀት እስከዚያ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ውለዋልና በዚያው ሰዓት ቂጣቸውን ቆረሱ። እኔ በሁለቱ መካከል ተቀምጬ ከዚህም ከዚያም ጎረስሁ። በደሴቱ ጎረቤቶቼ ሁሉ እስላሞች ናቸው፤ በረመዳን ማታ ማታ በሬን አንኳኩተው ምግብ ያቀብሉኛል፤ የፍስክ ከሆነ አመስግኜ እቀበላለሁ፣ በነጋታው ለባልደረባዬ እወስዳለሁ። ይህንን ስነግራቸው አዴ ዘሃራ፣ «ሰው ሁሉም ቦታ አለ» አሉ።

ኤሱማ ግን አልሰሙንም። «ከሞተ ለሐጂ ምን እላለሁ?» አሉ፤ እኛን ሳይሆን ቂጣውን እያዩ። እኔ በሙያዬ፣ አዴ ዘሃራ በልምዳቸው፣ ሁለታችንም ያው ያየነውን አይተናል። ዳልቻው እስከ ጠዋት ድረስ ይቆያል ብዬ አላሰብሁም።

እሑድ

ዕለቱ የመሄጃዬ ነበር። ኤሱማ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ከቅዳሴ ተመልሰዋል። እኔ ከደጅ ቦርሳዬን ሳሰናዳ፣ አዴ ዘሃራ ደግሞ ውኃ ሲያሞቁ፣ ኤሱማ ነጠላቸውን ገመድ ላይ ሰቀሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከዘንቢሉ አንድ የዶሮ እግር አነሡ። በባዶ እጃቸው። እኛም አየን እንዳንል ፊታችንን አዞርን። ወደ ጎጆው ገቡ።

ጥቂት ቆይቶ ጩኸት።

ቦርሳዬን ጥዬ ሮጥሁ። ኤሱማ ከበሩ ወጡ፤ አመልካች ጣታቸውን ሽቅብ ይዘዋል፤ ደሙ እስከ ክርናቸው ወርዷል።

«ነከሰኝ!» አሉ። «ዘሃራ! እልፌ! ነከሰኝ እኮ!»

ይስቃሉ። እንባቸው ከደሙ እኩል ይወርዳል። ከውስጥ የአጥንት መሰበር ድምፅ ይሰማል፤ ከመሃል መሃል ደግሞ ዳልቻው እያጉረመረመ ያስፈራራል።

አዴ ዘሃራ እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። እኔ ግን ሐኪም ነኝና መደሰቻ ጊዜ አልነበረኝም። ጣታቸውን ይዤ በሳሙናና በውኃ አጠብሁ፣ አጠብሁ፤ ሩብ ሰዓት ሙሉ። የአውሬ ንክሻ ቀላል አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልጋል አልሁ። «ይሄ ትንሽ ነገር ነው፤ መኪናሽ ያመልጥሻል» እያሉ ሊያመልጡኝ ሞከሩ። አዴ ዘሃራ በአንድ ክንዳቸው፣ እኔ በሌላው ይዘን ባጃጅ ውስጥ አስገባናቸው። መኪናዬ አመለጠኝ፤ ሌላ ይመጣል።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ተረኛዋ ነርስ ካርድ አወጣች። ወጣት ናት፤ ፈገግታ የላትም፤ ሌሊቱን ያላረፈች ትመስላለች።

«ምን ነከሰዎት አባቴ?»

«ጥሪኝ።»

ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«የራስዎ ነው?»

«የሐጂ ነው።»

«ከዚህ በፊት ነክሶዎት ያውቃል?»

«ያውቃል እንጂ!» አሉ ኤሱማ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ጣታቸውን እያሳዩዋት። «ከበሩ ገና ስገባ ነበር የሚያገኘኝ። ይሄን አንድ ወር ግን ተወኝ። እጄን ብሰድለት፣ ብነካው፣ ብገፋው፣ ዝም። ዛሬ ነው የተመለሰው።»

ነርሷ የተነከሱበት ቀን ከሚለው ፊት፣ «ዛሬ» ብላ ጻፈች።